አሮጌ ዕቃ በወሎ ቤት

ወሎ ውስጥ ቤትን በአሮጌ ዕቃ ማሳመር አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ስሙ ነው። ዛሬ «ቪንቴጅ» ይሉታል። ድሮ ሰው የአያቱን ሌማት ግድግዳ ላይ ሲሰቅል ስም አላወጣለትም። እንጀራ ሳይቀርብባት ስትውል ማረፊያዋ ምስማሩ ስለሆነ ነው የሰቀላት። እዚያ ስትሰቀል ደግሞ ታምራለች። የወሎ ቤት ጌጥ አብዛኛው እንዲህ ሥራ ፈትቶ የተሰቀለ ዕቃ ነው። ሥራ ሲመጣ ይወርዳል።

ወሎ ስል ደሴንና ኮምቦልቻን ብቻ ማለቴ አይደለም። ባቲ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ቆቦ፣ ላስታ፣ ደላንታ፣ ቦረና አሉበት። የድሮው ጠቅላይ ግዛት ዛሬ በበርካታ ዞኖች ተከፋፍሏል። ዕቃ ግን የዞን ድንበር አያውቅም። ቆላ የተሠራ ሰሌን ደሴ ሳሎን ውስጥ ይነጠፋል። ደጋ የተሸመነ ዝተት ኮምቦልቻ ሶፋ ላይ ጣል ይደረጋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሹራብ ያወልቃሉ፤ ባቲ ሲገቡ ጥላ ይፈልጋሉ። የዕቃው ዓይነት የበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብርድ ያለበት አገር የበግ ጠጉር ይፈትላል፣ ሙቀት ያለበት ዘንባባ ይሰፋል።

ገበያዎቹ

አሮጌ ዕቃ ፈላጊ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ ባቲ ሂድ እለዋለሁ። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ገበያዋ ሰኞ ነው፤ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ሳምንታዊ ገበያዎች አንዱ ነው። አፋሩ ግመሉንና ጨውን ይዞ ከበረሃ ይወጣል። ኦሮሞው ከብቱን እየነዳ ይመጣል። አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል። አንድ የዕቃ መደብ ዙሪያ ሦስት ቋንቋ ይሰማል።

ባቲ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ሳሎኑን ሊያሳምር አይደለም። ለከብት፣ ለእህል፣ ለጨው ነው የሚመጣው። ለእኛ ዓይነቱ ገዢ ጥሩ ነገሩ ይሄ ነው፤ ዕቃው ለጌጥ ተብሎ አልተሠራም። ሰሌኑ ለመኝታ፣ ስልቻው ለእህል፣ ቅሉ ለወተት፣ ማጨሻው ለዕጣን የተሠራ ነው። አንዳንዴ ጊሌ የሚባለው የአፋር ጩቤ ከነአፎቱ ይገኛል። ስለቱ ቢዝግ እንኳ የቆዳው ሥራ ለብቻው ያስደስታል። ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ይጠናል፣ ደህና ደህናውም ዕቃ ቀድሞ ያልቃል።

ባቲ ደግሞ የብር ጌጥ አገር ናት። የአንገት ጌጡ፣ አምባሩ፣ ድሪው ብዙውን ጊዜ ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው። ሳይቀልጥ እንዳለ ቀለበት ተበጅቶለት አንገት ላይ የሚንጠለጠልም አለ። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ሳንቲም ነው። እኛ ማርትሬዛ የምንለው። ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያም ወዲህ ለረጅም ዘመን ሲታተም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ቁጥሩን እያሳየ «ይኸው ዕድሜው!» ሲል ቁጥሩን በትክክል አንብቧል፤ ዕድሜውን ግን ቁጥሩ አይነግረንም። የተሠራው ትናንትና ሊሆንም ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ ሥራውን ማየት ይበጃል። የእጅ ሥራ ሁለት ጎኑ አንድ አይሆንም። ለረጅም ጊዜ የተለበሰ ብር ደግሞ ሰውነት የሚነካው ጎኑ ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይዶለዱማል።

ላሊበላ ቅዳሜ ይገበያል። እዚያ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ስለሆነ ዕቃ ማስረጀት ራሱ ሙያ ሆኗል። አዲስ የተጠረበ እንጨት ጭስ ላይ ይሰነብታል። አዲስ ሥዕል አፈር ይቀባል። ላሊበላን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። እኔ በሌላ ከተማ ገበያ «የቅድመ አያት ነው» የተባለ ሙዳይ ገዝቼ ቤት ወሰድኩ። እርጥብ ጨርቅ ባሳርፍበት ጨርቁ ጠቆረ። ከጥላሸቱ ሥር ደማቅ አረንጓዴ አለላ ብቅ አለ። ግፋ ቢል አምና የተሰፋ ነው። ሙዳዩ አሁንም አለ፤ ስኳር አደርግበታለሁ። ሲታይ ግን ያናድደኛል።

ደሴ ሌላ ዓይነት ናት። እዚህ የሚገኘው የከተሜ አሮጌ ነው። ደሴ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ስለነበረች ሹሙም መምህሩም የባንክ ሠራተኛውም እየተመደበ ይመጣባት ነበር። ሲዛወር ቡፌውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ኮመዲኖውን ሸጦ ይሄዳል። የዋንዛ ቡፌ ደሴ ውስጥ ሦስት አራት ባለቤት ቀይሮ ይኖራል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ከተማዋን ትልቅ ማዕከሉ አድርጓት ነበር። ፒያሳ የሚለው የሰፈር ስም ከዚያ የቀረ ነው። የብረት አልጋ፣ የሲንጀር ስፌት መኪና፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ቅብ ሳህን፣ ፋኖስ አሁንም በየቤቱ ጓዳ ይገኛል። ሲንጀሩ መስፋት ቢያቆም እንኳ የብረት እግሩ ላይ ጣውላ ሲጋደም ጥሩ ጠረጴዛ ይወጣዋል።

ከሰልባጅ መደብም ቤት ይለብሳል። ቦንዳ ሲፈታ ሰው ወደ ጃኬቱ ይሻማል። መጋረጃና አንሶላ የሚፈልግ ተረጋግቶ ይመርጣል። ከዚህም የሚቀድም ዘዴ አለ። ቁራሌው ሰፈር ሲገባ ወጣ ብሎ ማዳበሪያው ውስጥ የያዘውን ማየት። የናስ ሙቀጫ፣ የብረት ካውያ፣ የድሮ ቁልፍና ማጠፊያ ከነጓዙ ሊቀልጥ እየሄደ ያገኙታል። ቁራሌው በኪሎ ነው የሚያስበው። ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ብዙ አለማድነቅ ነው።

የማን ነበር?

አንዳንዱን ዕቃ ግን ዋጋውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው መጠየቅ ያለብን። ወሎ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ከወሎ የወጣው በጣም ዝነኛው የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የተደረገው በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ቤተ መንግሥቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፈ። የዘረፈውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች አጓጉዞ ደላንታ ላይ ሁለት ቀን ጨረታ አካሄደ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር ስለነበር ዋና ገዢ ሆነ። ከብራና መጽሐፎቹ ብዙዎቹ ዛሬም ድረስ እንግሊዝ አገር ናቸው።

በቅርቡም አልቀረም። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ውጭ አገር ተሸጠ፤ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተዘረፈ። የግለሰቡም ቤት እንዲሁ። ቴሌቪዥኑ ብቻ ሳይሆን ጀበናው፣ ጋቢው፣ የእናት ድሪ የሄደበት ቤት ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ወሎ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ርካሽ ሲሆን ሰው ደስ ከማለቱ በፊት «ከየት መጣ?» ቢል አይፈረድበትም።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይባላል። ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከዚህ ውጪ እኔ ራሴ የምከተለው ቀላል ልማድ አለኝ። ብራና፣ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የወጣ የሚመስል ንዋይ ከሆነ አልነካም። የቤት ዕቃ ከሆነ ሻጩን ታሪኩን እጠይቀዋለሁ። የራሱ ዕቃ የሆነ ሰው ታሪኩን ሲጀምር አያቆምም።

ቤት ውስጥ

የወሎ ቤት ዓይን የሚያርፈው ቡና የሚፈላበት ቦታ ላይ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ያው ነው። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ይቀመጣል፣ ፍንጃሉ ይደረደራል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሰው ተቀምጦ የሚያየው ያንን ጥግ ነው። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ አውሉት። ከአንድ ግንድ የተጠረበ ዱካ፣ በዕድሜ የጠቆረ ረከቦት፣ አንገቱ የተጠገነ ጀበና። ስኒው አንድ ዓይነት ባይሆን ምንም አይደለም። እንዲያውም ከተለያየ ቤት የተሰባሰበ ፍንጃል ወሬ ይከፍታል።

ዱዓና መንዙማ የሚደረግበት ቤት ደግሞ መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው። ምንጣፍ፣ ቁርበት፣ አጎዛ ይነጠፋል፤ ጀርባ የሚደገፈው ግድግዳ ነው። ዛሬ ዝቅ ያለ ሶፋ እንደ አዲስ ግኝት ሲሸጥ ሳይ ፈገግ እላለሁ።

ግድግዳው ለብቻው ታሪክ አለው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር፤ ልጅ ፊደል ያጠና የነበረው ከዚያ ነው። ጣሪያው አቡጀዲ ኮርኒስ ነበረው። ቡፌው፣ ሬዲዮው፣ በኋላም ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሱ ነበር። ዳንቴል ዛሬ ብዙ ወጣት ያፍርበታል። እኔ ግን በእጅ የተሠራውን አትጣሉት ባይ ነኝ። በባለ መስታወት ፍሬም ውስጥ አድርጋችሁ ጥቁር ወረቀት ከኋላው ብታስቀምጡ የእጁ ሥራ ወለል ብሎ ይታያል። በላሊበላና አካባቢው ደግሞ በድንጋይ የተገነቡ ክብ፣ ሣር ክዳን፣ ባለ ሁለት ፎቅ የድሮ ቤቶች አሉ። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ዕቃ ፍለጋ ባቲ መውረድ አያስፈልገውም፤ ቤቱ ራሱ ይበቃዋል።

ጨርቁን በተመለከተ ወሎ የታደለ ነው። ያረጀ ጋቢ መሐሉ ቢሳሳም ዳርና ዳሩ ጠንካራ ይሆናል፤ ተቆርጦ የትራስ ልብስ ይሆናል። የኩታ ጥለት ተተርትሮ የመጋረጃ ጠርዝ ላይ ይሰፋል። ዝተትና ባና ሸካራ ስለሆኑ ለወለል ወይም ለግድግዳ ይሻላሉ። ሙዚቃ ካነሳን ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም የሆኑበት አገር ነውና፣ የማይሠራ የድሮ ሬዲዮም ቢሆን መደርደሪያ ላይ ክብሩን ይዞ ይቀመጣል። የሚሠራ ከሆነማ በጣም ጥሩ።

የማልወደው ነገር አለ። ደህና መሶብ ተበስቶ አምፖል ሲሰቀልበት። ታቹ የበሰበሰ አገልግል ከሆነ ይሁን፣ ያምራልም። ጤነኛውን ግን ለምን? ሌላው ነገር ማብዛት ነው። አንድ ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት ሰፌድ ሲሰቀል የምግብ ቤት መግቢያ ይመስላል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዛሬ በኩራት የምንሰቅለውን የሠሩት ሰዎች ትናንት ይናቁ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው በስድብ ስም ይጠሩ ነበር፤ «ቡዳ» ይባሉ ነበር፤ ጋብቻም ይከለከሉ ነበር። እንስራዋ ሳሎን ገባች። ሠሪዋ ግን ገበያ ዳር ፀሐይ ላይ ናት። ከእሷ አዲስ መግዛት አሮጌ ከማሳደድ አያንስም፤ በሃያ ዓመቱ እሱም ያረጃል።

አያያዝ

እንጨት ሲገዙ ነቀዝ መኖሩን ማየት ነው። ዕቃውን መታ መታ ሲያደርጉት ነጭ ዱቄት ከረገፈ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው ነጭ ጋዝ ይቀባል። ከቀባችሁ ውጭ አናፍሱት፣ ከእሳትም አርቁት። የጠፍር አልጋ ትኋን ይደብቃል፤ መጋጠሚያው ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስና ፀሐይ ላይ ማዋል ነው። የንጹሕ እንጨት ወዙ በንብ ሰም ይመለሳል። የድሮ ቀለም የተቀባ ሣጥን ግን ልጆች ባሉበት በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል።

ናስ በሎሚና በአመድ ይጠራል። ብርን ከልክ በላይ አታሹት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥቁረት ነው ቅርጹን የሚያወጣው። ቆዳ ቅቤ ቢቀባ ይለሰልሳል። አይጥም ደስ ይላታል፤ ስለዚህ ጥቂት ቀብቶ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው።

ስንደዶና አክርማ ውኃ አይወዱም። ፀሐይ ደግሞ የአለላውን ቀለም ይበላዋል። መሶብ በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ ጥላ ውስጥ ይናፈሳል። ችግሩ የሚመጣው ሰርግ ሲደርስ ነው። ጎረቤት ይዋሳል፤ አልሰጥም አይባልም። መሶቡ ከግድግዳ ይወርድና ሦስት ቀን ያገለግላል። ሲመለስ ክዳኑ ላይ የወጥ ቅባት ይኖራል። ያኔ ውኃ ውስጥ አትንከሩት። ቅባቱ ላይ የሽሮ ዱቄት ነስንሳችሁ አሳድሩት፤ ዱቄቱ ቅባቱን ይመጥጣል። ጠዋት በብሩሽ ጠርጋችሁ ወደ ምስማሩ መልሱት።