አሉሚኒየም የሚበየደው በኤሲ ነው ወይስ በዲሲ?

አዳማ ውስጥ የጭነት መኪና ስፖንዳ የምትሠሩ በያጆች ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ አንስታችኋል። መልሱ እንደ ማሽኑ ነው፦ በተለመደው የአርጎን ቲግ (በማይቀልጥ የተንግስተን ኤሌክትሮድ የሚበየድበት) ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው የሚፈራረቅ ጅረት፤ በሚግ (እየቀለጠ በሚገባ ሽቦ የሚበየድበት) ዲሲ፣ ማለትም ባለ አንድ አቅጣጫ ጅረት።

ግራ የሚያጋባው የኦክሳይዱ ጉዳይ ነው። ንጹህ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ስስ ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ውስጡ ቀልጦ እንኳ ጠርዞቹ አይዋሃዱም። ሽፋኑን የሚሰብረው ኤሌክትሮዱ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው። በቲግ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ካደረጋችሁት ደግሞ ሙቀቱ ተንግስተኑ ላይ ያርፍና ጫፉን ያቀልጠዋል። ኤሲ ሁለቱን ያፈራርቃል፤ በአንዱ ግማሽ ዑደት ያጸዳል፣ በሌላው ሙቀቱን ወደ ላሜራው ይሰዳል። በሚግ ኤሌክትሮዱ ራሱ መቅለጥ ያለበት ሽቦ ስለሆነ ፖዘቲቭ መሆኑ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ለምሳሌ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በቲግ ስትበይዱ ኤሲ አድርጋችሁ ከ120 አምፔር አካባቢ ጀምሩ። 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሚግ ይፈጥናል፤ ዲሲ፣ ሽቦው ፖዘቲቭ። ጋዙ በሁለቱም ንጹህ አርጎን ነው። ለብረት የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጋዝ እዚህ ብየዳውን ያጠቁራል፣ ያበላሻል።

የኤሲና የዲሲው ምርጫ አይለወጥም። አምፔሩ ግን እንደ መገጣጠሚያው ቅርጽ፣ የሽቦው ዓይነትም እንደ ቅይጡ ይለያያል።

ኤሲው ያጸዳል ብላችሁ ግን የእጅ ጽዳቱን አትዝለሉት። መጀመሪያ ቅባቱን በአሴቶን ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ብረት ነክቶ በማያውቅ የስቴንለስ ብሩሽ ፈትጉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ብሩሹ ቅባቱን ወደ ውስጥ ያሸዋል፣ ብየዳውም በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላል።