ቆራጥ ነው ወይስ መጠበቅ አቅቶት ነው?

ጅማ ላይ ቡና በሚለቀምበት ወራት አንድ ምስጋና ይበዛል፤ «ቆራጥ ነው»። የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሳያቅማማ ዋጋ ቆረጠ፤ ቆራጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ መትቶ «በቃ፣ ዛሬውኑ ይሸጥ» አለ፤ ቆራጥ ነው። ዋጋ መቁረጥና ቆራጥ መሆን የቃል ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። ይህን በየዓመቱ መድገም ያታክታል፤ ስህተቱም ግን በየዓመቱ ይደገማል። ስለ መሪ የሚባሉትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፈጥኖ የወሰነ ቆራጥ ነው»

ሰው ሁሉ አለማወቅን እኩል አይሸከምም። አንዳንዱ መጨረሻው ያልታወቀ ነገር ሲገጥመው ገና ሳይደርስበት እንደ አደጋ ይቆጥረዋል፤ እንቅልፍ ያጣል፣ ሆዱ ይረበሻል፣ ስልኩን ደጋግሞ ያያል። ለእንዲህ ያለ ሰው ውሳኔ ከጭንቀት መውጫ በር ነው። ትክክል ይሁን አይሁን በኋላ ይታያል፤ ለጊዜው «አለቀ» ማለቱ ብቻ ያሳርፈዋል። ከውጭ ለሚያየው ደግሞ ጀግና ይመስላል።

ኅዳር ውስጥ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ አጋሮ አካባቢ ያለ አንድ መፈልፈያ ጣቢያ በር ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። አይሱዙው እሸት ቡና ጭኖ ቆሟል፣ ገበሬው ሚዛኑ ዘንድ ተሰልፏል፣ የሊቀመንበሩ ስልክ ይጮኻል፤ ደዋዩ ቡና ገዢ ነው። እዚህ ሁለት ውሳኔ አለ፣ ሰዓታቸው ግን ለየቅል ነው። እሸቱ ከተለቀመ በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ውስጥ ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል፣ ሲቀመስም ይኮመጥጣል። ይህ ዛሬ ማታ ይወሰናል፣ ምርጫ የለውም። መጋዘን ያለው ቡና ግን እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ወርዶ ከነገለፈቱ የተቀመጠ ነው፤ ደረቅና አየር በሚገባበት ቦታ ወራት ይቆያል። ገዢው «ዛሬ ካልሆነ የለም» ስላለ የማታ ጉዳይ አይሆንም። የተጨነቀ መሪ ሁለቱን በአንድ ሰዓት ይለካቸዋል፤ የእሸቱ ጥድፊያ ወደ መጋዘኑ ይጋባበታል።

መድኃኒቱ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። መጀመሪያ ይህ ውሳኔ ዛሬ ባይወሰን ምን እንደሚበላሽ በስሙ ይጻፍ፤ «ዕድል ያመልጣል» መልስ አይደለም። ቀጥሎ አንድ ሳምንት መጠበቅ ስንት ብር እንደሚያስወጣ ይሰላ። ለምሳሌ 10 ሚሊዮን ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ የተበደረ ማኅበር በሳምንት 35 ሺህ ብር ገደማ ይከፍላል። ይህ ቁጥር ሲጻፍ «መጠበቅ ያከስራል» የሚለው ስጋት ልክ ያገኛል፤ አንዳንዴ ከተፈራው በላይ፣ ብዙ ጊዜ በታች። ሦስተኛው፣ ሐሳብ የሚያስለውጠው ወሬ የትኛው እንደሆነና መቼ እንደሚታወቅ ነው። አራተኛውና የመጨረሻው የሚጻፍ መነሻ ዋጋ ነው፤ ቡናው ራሱ የፈጀው ወጪ ማለት ነው። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና (ተፈልፍሎ፣ ደርቆና ገለፈቱ ወጥቶለት የቀረ ፍሬ) ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ይገባል፤ ለአንድ ፈረሱላ፣ ማለትም ለ17 ኪሎ፣ 102 ኪሎ ገደማ። አንዱን ኪሎ እሸት በ100 ብር የገዛ ማኅበር ንጹሑ ኪሎ ገና ጉልበት፣ ነዳጅና ወለድ ሳይጨመርበት 600 ብር ወጥቶበታል ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ «ቆርጦ» መሸጥ ድፍረት አይባልም። አሁንም ልብ የማያርፍ ከሆነ ሲሶውን መሸጥና የቀረውን ቀን ቀጥሮ ማቆየት ይቻላል።

«እንግዲያው የሚጠብቅ መሪ ብልህ ነው»

አይደለም፤ የዚያው ጭንቀት ሌላ መልኩ ሊሆን ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ተቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ ሰው ኪሳራን ከእኩያው ትርፍ አብልጦ ይጠላል፤ ኪሳራ ውስጥ ሲገባም እሱን ላለመቀበል የባሰ ቁማር ይደፍራል። ዋጋ ወርዶበት «ይመለሳል» እያለ መጋዘኑን ቆልፎ የሚቀመጠውን ሰው አስቡት። መለያው ቀላል ነው። «በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ዋጋ ትሸጣለህ?» ሲባል ቀንና ቁጥር ከተናገረ እየጠበቀ ነው፤ «እስቲ እንይ» ካለ እየሸሸ ነው። ዋጋ ለማጣራት በቀን አሥር ጊዜ የሚደውለውም እዚሁ ይመደባል፤ ከሁለተኛው ጥሪ በኋላ የሚሰማው አዲስ ነገር የለም።

«ጥሩ መሪ ስሜት የለውም»

የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ ያጠናቸው፣ የፊተኛው አንጎላቸው ክፍል የተጎዳ ሕሙማን ስሜታቸው ደብዝዞ የማሰብ ችሎታቸው ግን እንዳለ ነበር። ሆኖም የዕለት ጉዳያቸውን እንኳ በአግባቡ መወሰን ያቅታቸው ነበር። ፍርሃት ወሬ አቀባይ ነው፤ ይደመጥ፣ ፈራጅ ግን አይሁን።

«ዋጥ አድርገው»

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስ እና ባልደረቦቹ ስሜትን ፊት ላይ እንዳይታይ ማፈን ልብን እንደማያሳርፍ፣ በዚያ ሰዓት የሚነገረውንም ለማስታወስ እንደሚያስቸግር አሳይተዋል። ስብሰባ መሐል የተነገረውን ቁጥር የሚረሳ ሊቀመንበር ሁሉ ግድ የለሽ አይደለም። «ወለዱ አስጨንቆኛል» ብሎ በስሙ መጥራት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ሒሳብ ይሠራለታል።

«ሲቆጣ ነው መሪ የሚመስለው»

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ለርነር እና ኬልትነር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ የፈራ ሰው አደጋን አግንኖ ሲያይ የተቆጣ ሰው ግን አሳንሶ ያያል፤ ነገሩ በእጁ ያለ ይመስለዋል። ቁጣ እርግጠኝነትን በነጻ ይሰጣል፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ማኅበሩ ነው። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የምታገላብጠው ልጅ «ጋሼ፣ ይቺ ገና እርጥብ ናት» ልትል አፏን ከፍታ ትመልሰዋለች፤ ቡናው ይከማቻል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ሰብሳቢው መጨረሻ ይናገር። እያንዳንዱ አባል ግምቱን አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ ሰብሳቢው ከተናገረ በኋላ የሚመጣው ማሚቶ ነው።

«ልምድ ያለው አይደናገጥም» ይባላል፤ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲወሰን የሃያ ዓመት ልምድ ያለውም ያን ሳምንት ጀማሪ ነበር። «ተፈጥሮው ነው፣ አይለወጥም» ለሚለው ደግሞ፦ ጠባይ በከፊል ይወረሳል፣ ቀጠሮ መያዝና ሒሳብ መጻፍ ግን ይለመዳል።

«አላውቅም ማለት ሥልጣን ያሳጣል»

የሚያሳጣው «አላውቅም» ብሎ ዝም ማለት ነው፤ ወይም ቀጠሮ ሰጥቶ መቅረት። ገበሬው በኒው ዮርክ ገበያ የቡና ዋጋ እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ማንም አስቀድሞ እንዳልነገረው ያውቃል፤ ነቢይ አይጠብቅም። እንዲህ ቢባል ይበቃዋል፦ «የሚቀጥለው ሳምንት ዋጋ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ደውለን እናጣራለን፤ ከመነሻችን በላይ ከሆነ ሲሶው ይሸጣል፣ በታች ከሆነ እስከ ሰኞ ይቆያል። እስከዚያው ዛሬ የገባው እሸት ይፈልፈል፣ ደመናው ከብዷልና አልጋዎቹ በላስቲክ ይሸፈኑ።»