የግንባታ ፈቃድ የጎረቤትን መብት አይሽርም

በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ በተመሠረተችው ደሴ፣ ቤት ለመሥራት መሬት የሚቆፍር ሰው ከበላዩ ካለው ጎረቤቱ ቅሬታ ሲቀርብበት «ፈቃድ አለኝ» ብሎ ቢመልስ፣ መልሱ ክርክሩን አይዘጋውም። ፈቃዱ የሚያረጋግጠው ዲዛይኑ ከከተማው ፕላንና ከሕንፃ ሕጉ አንጻር ተመርምሮ ሥራው መፈቀዱን ነው። የጎረቤት መብት ግን ሌላ ምንጭ አለው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ይከለክለዋል። ስለዚህ የድጋፍ ግንብ ሳይሠራ አፈሩ ተቆርጦ የላይኛው ቤት ግድግዳ ቢሰነጠቅ፣ ፈቃድ መያዝ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም። በእኔ እምነት ጎረቤት ክረምቱ ሳይገባ፣ ቁፋሮው ገና ሲጀመር፣ ለከተማው የሕንፃ ሹም በጽሑፍ ማመልከትና የግድግዳውን ሁኔታ በፎቶግራፍ ማስቀረት ይኖርበታል፤ ያለዚህ ስንጥቁ ከቁፋሮው በፊት እንዳልነበረ ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።