ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፦ የስድስት ኪሎው የወንዶች ትምህርት ቤት ታሪክና ኑሮ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለው ግቢ ዛሬ በወረቀት እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው የሚባለው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ እንጦጦ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ከጠየቃችሁ ግን አንዱንም አይሏችሁም፣ "ተፈሪ መኮንን" ነው የሚሏችሁ። ይሄ ጽሑፍም በዚሁ በድሮ ስሙ ይጠራዋል፣ ምክንያቱም እዚህ የሚወራው አብዛኛው ታሪክ የተሠራው በዚያ ስም ነው።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም ነው። ያቋቋሙት ያኔ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ናቸው፣ ያሠሩትም በግል ገንዘባቸው እንደሆነ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ላይ ተናግረዋል። ጊዜውን ማስታወስ ይጠቅማል፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ነው፣ በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ አውሮፓን ዞረው ፓሪስን፣ ሮምን፣ ለንደንን አይተው ተመለሱ፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ዓመት ሳይሞላ ነው። ውጭ አገር ያዩትን እዚህ ለመትከል ሰው ያስፈልግ ነበር፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ ከፈረንጅ ጋር ያለ አስተርጓሚ የሚነጋገር ወጣት። ለዚህ ነው ከመጀመሪያውም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ሁለቱም የተሰጡት። ራሳቸው ሐረር ልጅ ሆነው ከአባ ሳሙኤል ፈረንሳይኛ የተማሩ ስለነበሩ የቋንቋን ጥቅም በራሳቸው ሕይወት ነው ያዩት።

"የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት" የሚለውን አንዳንድ ሰው ለተፈሪ መኮንን ይሰጣል፣ ይሄ ትክክል አይደለም። ምኒልክ ትምህርት ቤት ይቀድማል፣ በ1900 ወይም በ1901 ዓ.ም (ሁለቱም ይጻፋል) ተከፍቶ ነበር። ልዩነቱ ምኒልክ ሲከፈት ቤተ ክህነት የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያበላሻል ብላ ስለሰጋች መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች እንዲሆኑ ተስማምተው ነበር፣ ተፈሪ መኮንን ግን ከዚያ አጥር ወጣ ብሎ ነው የጀመረው። በዚህ በኩል አዲስ መንገድ ከፈተ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የእሳቸው ሕይወት ብቻውን ታሪክ ነው፣ በ1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ እንግሊዞች ሕፃን ሆነው ያገኟቸዋል፣ ወደ ሕንድ ይወስዷቸዋል፣ ባሳደጓቸው መኮንኖች ስም ቻርልስ ማርቲን ተብለው እዚያው ሕክምና ይማራሉ፣ ኤዲንብራም ሄደው ይጨምራሉ፣ በርማ ውስጥ ለእንግሊዝ መንግሥት ሠርተው አገራቸውን ፍለጋ በአፄ ምኒልክ ዘመን ይመጣሉ። አማርኛን እንደገና መማር ነበረባቸው። አገሩን አጥቶ ያገኘ ሰው የአገሩን ልጆች እንዲያስተምር መሾሙ ይሄን ትምህርት ቤት ለሚወድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በኋላ ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው እያሉ ጣሊያን ገባ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 የግራዚያኒ ጭፍጨፋ በኋላ ሁለት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ተገደሉ።

ገቢው ተማሪ ወንድ ብቻ ነበር። የመኳንንት ልጅም ነበረበት፣ አባቱ ምንም የሌለው ልጅም ነበረበት፣ አንዳንዱ አዳሪ ሌላው ተመላላሽ። ለሴቶቹ እቴጌ መነን በ1924 ዓ.ም አካባቢ የራሳቸውን ትምህርት ቤት እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ ከፈቱ፣ ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ቤተ ሳይዳ ሆስፒታልም እዚያው ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ራሱ በጥቂት ዓመት ውስጥ የትምህርትና የሕክምና ሰፈር ሆነ። የሁሉም ስም ከአብዮቱ በኋላ ተቀይሯል፣ ሆስፒታሉም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም የካቲት 12 ተባሉ፣ ተፈሪ መኮንን ደግሞ እንጦጦ።

በጣሊያን ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933፣ ትምህርቱ ተቋረጠ። ፊደል የቆጠረ ወጣት በተለይ የሚታደንበት ጊዜ ነበር።

ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደገና ተከፈተ፣ ትልቁ ለውጥ ግን በ1937 ዓ.ም ገደማ የካናዳ ኢየሱሳውያን፣ ማለትም ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት፣ ሲመጡ ነው። ይሄን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት፣ ኢየሱሳውያን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገሪቱን ደም ያፋሰሰ የሃይማኖት ጠብ ውስጥ የነበሩ፣ አፄ ፋሲል ያባረሯቸው ናቸው፣ ከ300 ዓመት በኋላ ተመልሰው በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ ገቡ። ጥሪው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፣ መስበክ የለም፣ ቀሚስም የለም። ስለዚህ ከኩቤክ የመጡት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካህናት ኮትና ከረባት አድርገው እንደ ማንኛውም መምህር ሒሳብና ሳይንስ ማስተማር ጀመሩ። አንዳንዶች ውስጥ ለውስጥ ተጽዕኖ ነበራቸው ይላሉ፣ ተማሪዎቻቸው የነበሩት ግን በብዛት የሚያወሩት ስለ ሥርዓታቸውና ስለ ሰዓት አክባሪነታቸው ነው፣ ያንን ማመን ይሻላል።

ዳይሬክተሩ ከእነዚሁ ካናዳውያን አንዱ፣ ሉሲየን ማት ነበሩ። የእሳቸው ነገር ከትምህርት ቤቱ አልፎ ይሄዳል፣ ምክንያቱም በ1943 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ሲጀምር ፕሬዚዳንት የሆኑት እሳቸው ናቸው፣ መጀመሪያ ያስተማሩትም አብረዋቸው የነበሩ ካናዳውያን ናቸው። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ተቆፍሮ ቢታይ አንዱ ጫፍ ተፈሪ መኮንን ግቢ ይደርሳል።

የአዳሪ ተማሪ ቀን በደወል ነው የሚሄደው። እንጦጦ ሥር ስለሆነ ጠዋቱ ብርድ ነው፣ በዚያ ብርድ ተነስቶ ተጣጥቦ ሰልፍ፣ ከዚያ ክፍል፣ ማታ ደግሞ የጥናት ሰዓት። ከተራራው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው በበሩ በኩል ወደ ከተማ የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ የለም። 8ኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ፣ 12ኛ ላይ ማትሪክ፣ ከዚያ ያለፈ ወይ ኮሌጅ ወይ ውጭ አገር። ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ መጎብኘትና ሽልማት በእጃቸው መስጠት ይወዱ ነበር፣ በስማቸው የተከፈተው ቤት ደግሞ ከማንም ይበልጥ ዓይናቸው ሥር ነበር። በኳስ በኩል ከምኒልክ፣ ከመድኃኔዓለም፣ ከኮተቤና ከዊንጌት ጋር ያለው ፉክክር የታወቀ ነው፣ ማን በብዛት አሸነፈ የሚለውን ግን እንደ ተማረበት ቤት ነው ሁሉም የሚመልሰው።

ከዚህ ቤት ከወጡት መሃል ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አሉ፣ እሳቸውም እንደ ሐኪም ወርቅነህ ኤዲንብራ ሄደው ነው ሕክምና የተማሩት። ገርማሜ ንዋይም እዚህ ተምረዋል፣ ከዚያ አሜሪካ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ በታኅሣሥ 1953 ከወንድማቸው ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥቱን መሩ። ንጉሡ በገንዘባቸው ባሠሩት ቤት የተማረ ሰው ነው ንጉሡ ላይ የተነሳው፣ ትምህርቱ ማሰብን አስተምሯል ማለት ነው።

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ የተማሪው ንቅናቄ ሲጋጋል ዩኒቨርሲቲው ጎረቤት ስለነበር ስድስት ኪሎ ላይ የሚሆን ነገር ሁሉ ወዲያው እዚህ ይሰማ ነበር። በታኅሣሥ 1962 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደልና በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተማሪ ላይ ሲተኮስ ድምፁ ከደጅ የመጣ ነው። በ1967 ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣና በአገሩ ያሉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪና ከመምህራን ጋር ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሆነው ገጠር ገቡ። ከዚያ ቀይ ሽብር፣ በአዲስ አበባ ሃይስኩሎች ያለፈው ነገር የብዙ ቤት ኀዘን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። እንጦጦ በሚለው ስም ሴትም ወንድም የሚማርበት ሆነ፣ ከቀለም ትምህርት ጋር የሙያ ትምህርትም ተሰጠበት፣ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ እየሰፋ ሲመጣ ግቢው ወደዚያ ዞረ። በሚያዝያ 2017 ድፍን 100 ዓመት ሞላው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉት የድሮ ተማሪዎች ዛሬም ሲገናኙ እንጦጦ አይሉትም፣ ወይ "ተፈሪ መኮንን" ወይ ባጭሩ "ቲ ኤም ኤስ" ነው የሚሉት።