«ስልክ የሚችል ልጅ ኮምፒዩተር አያቅተውም» እና ሌሎች ስለ ትየባ የሚነገሩ የተሳሳቱ አባባሎች

«ስልክ የሚችል ልጅ ኮምፒዩተር አያቅተውም።» ጎንደር ላይ ከወላጆች ብዙ ጊዜ የምሰማው ይህን ነው። ልጁ ቴሌግራም ላይ በሁለት አውራ ጣቱ ይበራል፤ እውነት ነው። ኪቦርድ ፊት ሲቀመጥ ግን በአንድ ጣት ፊደል ሲለቅም ታዩታላችሁ። የጻፈውን የት እንዳስቀመጠ፣ ፋይሉን ምን ብሎ እንደሰየመ አያውቅም። ስልኩ ይህን ስለሚሠራለት ሳይማረው ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። አንድ ልጅ ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዘው የፈተና ዕለት መሆን የለበትም።

«ዋናው ፍጥነት ነው።» እዚህ ላይ አስተማሪውም ይሳሳታል። ልጆቹን ያወዳድራል፤ ቀድሞ ለጨረሰው ይጨበጨባል። ያ ልጅ ግን የጨረሰው ቁልፉን እያየ፣ በሁለት ጣት፣ ግማሹን እየሳተ ነው። ጣት ስህተትንም ይለምዳል፤ የለመደውን ማስጣል ደግሞ ከባድ ነው። ለጎንደር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ንባብ ሲጀምር ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው፤ ቁም ንባብ፣ ማለትም አቀላጥፎ ማንበብ፣ የሚመጣው ኋላ ነው። ትየባም ያው ነው። ሁለቱ አመልካች ጣቶች ኤፍ እና ጄ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች ይዳብሱ። ሌሎቹ ጣቶች ከጎናቸው ይሰለፉ፤ ዓይን ስክሪኑ ላይ ይሁን። በሳምንት አንዴ ከሚሰጥ ረጅም ክፍለ ጊዜ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይሻላል። ፍጥነቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

«አማርኛ ለመጻፍ የአማርኛ ፊደል ያለበት ኪቦርድ ያስፈልጋል።» አያስፈልግም። ኪማንን በመሰለ ፕሮግራም በተለመደው ኪቦርድ የፊደሉን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደላት እየመቱ ይጻፋል። «ጎንደር» ብላችሁ ሞክሩት። ጂ እና ኦ «ጎ» ይሰጣሉ፤ ኤን «ን»፣ ዲ እና ኢ «ደ»፣ አር «ር»። ስድስት ምት፣ አራት ፊደል። ዲንም ኢንም የሚመታው ያው የግራ እጅ መሃል ጣት ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲለማመድ ለአማርኛውም እጁ እየተፍታታ ነው ማለት ነው። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ሳምንት የራሳቸውን ስም በአማርኛ አስጽፋቸዋለሁ። ስሙን ስክሪን ላይ ያየ ልጅ ፊቱ ይበራል።

«አሁን በድምፅ መጻፍ ስለሚቻል ትየባ አያስፈልግም።» 50 ተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል ሲናገር አስቡት። የይለፍ ቃልም ጮክ ተብሎ አይነገርም።

«መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜው ባከነ።» ካርቶን ላይ በልኩ የተሳለ ኪቦርድ የጣትን ቦታ ለመለማመድ በቂ ነው። አስተማሪው ፊደል ይጠራል፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁልፉን ይነካሉ። «ይሰብሩታል» ተብሎ ተቆልፎ አቧራ የሚለብስ የኮምፒዩተር ክፍል ግን በጣም ያሳዝነኛል። መብራት በመጣ ሰዓት ይከፈት። ዴስክቶፕ ባትሪ ስለሌለው ልጆቹ አንድ አንቀጽ በጨረሱ ቁጥር ጽሑፉን ለማስቀመጥ ኮንትሮልን ከኤስ ጋር መጫን ይልመዱ።