የሳይንቲስቶች ተወካይ በዋልታ ምርምር ትብብር፦ ከሐረርጌ ሲታይ

የዋልታ ምርምር ተወካይ የሀገሩን ሳይንቲስቶች ጥያቄና ግኝት ይዞ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ የሚቀመጥ ባለሙያ ነው። ዲፕሎማት የመንግሥቱን አቋም ያሰማል፤ በሀገሩ የሳይንስ አካዳሚ ወይም ብሔራዊ ኮሚቴ የሚመረጠው ይህ ተወካይ ግን የሚያቀርበው የባልደረቦቹን ሥራ ነው።

አሠራሩ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ሀገሮች ምድርን በጋራ ካጠኑበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። ኢትዮጵያም ተሳትፋበታለች፤ የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። በ1958 የአንታርክቲክ (የደቡብ ዋልታ) ምርምር ሳይንሳዊ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1959 አህጉሩን ለሰላምና ለሳይንስ ያዋለውን የአንታርክቲክን ስምምነት ከፈረሙት 12 ሀገሮች መካከል አፍሪካዊቷ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች። የአርክቲኩ (የሰሜን ዋልታው) ኮሚቴ የተመሠረተው በ1990 ነው።

የአንታርክቲኩ ኮሚቴ ተወካዮች በየሁለት ዓመቱ ይሰበሰባሉ። ዋናው ሥራ ግን ከስብሰባው በፊትና በኋላ ያለው ነው፤ ማን ምን እንደሚያጠና ከየዩኒቨርሲቲው ጠይቆ መሄድ፣ ሲመለሱም ክፍት የሆኑትን የጥናት ቡድኖችና የትምህርት ዕድሎች ለወጣት ተመራማሪዎች ማድረስ። ይህን የማያደርግ ሰው ወንበር ይዟል እንጂ ወክሏል ማለት ያስቸግራል።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን አልፈረመችም። ሆኖም ጉዳዩ ለድሬዳዋና ለሐረር ሩቅ አይደለም። በምዕራብ ሐረርጌ በመቻራ አካባቢ በሚገኙ ዋሻዎች ውስጥ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ በወለሉ ላይ የኖራ ድንጋይ ዓምዶችን አሳድጓል። ዓምዱ ለሁለት ተሰንጥቆ ፊቱ ሲወለወል፣ ከፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ተደራርበው ይታያሉ፤ ተመራማሪዎች እነዚህን ዓመታዊ ንብርብሮች እየቆጠሩ የጥንቱን ዝናብ ያነብባሉ። በአንታርክቲካ ዶም ሲ በተባለው ስፍራ አውሮፓውያን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ቆፍረው ያወጡት በረዶ ደግሞ የ800,000 ዓመታት አየር በጥቃቅን አረፋዎች ይዞ ቆይቷል። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ዋልታዎቹ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

በበጋ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ በእግሩ የሚያቋርጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ጎርፍ ግን የማይረሳ የድሬዳዋ ነዋሪ ይህ ጥያቄ ይመለከተዋል። ከኢትዮጵያ የሚላክ ተወካይ ቢኖር፣ ሻንጣውን ከማዘጋጀቱ በፊት ወደ ሐሮማያና ወደ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ጎራ ብሎ፣ ስለ ዝናብና ስለ ጎርፍ የሚያጠኑት ምሁራን ከበረዶው መዝገብ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ቢጠይቅ፣ ይዞት የሚገባው ጉዳይ አያጣም።