ከአምቡላው የሚተርፈው እርሾ፦ የጅማ ቤት ጠላና ጠጅ

ጎረቤት እርሾ ቢጠይቅ ማንም አይከለክልም። ከቡሖ ዕቃው የቀረችው ቀጠን ያለች ሊጥ የሚቀጥለውን እንጀራ ታቦካለች። ለጠላና ለጠጅ ግን «እርሾሽን አውሺኝ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። «ጌሾው ነው የሚያፈላው» ይባላል፣ አለቀ። ሥራውን የሚሠራው ግን እዚያም ያው እርሾ ነው።

እርሾ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ነው። ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በጠላም በጠጅም በብዛት የሚገኘው ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ የሚባለው ዝርያ ነው። ከሱቅ የምንገዛው የዳቦ እርሾም እሱው ነው። ንጹሕ የቢራ እርሾ ለብቻው ተለይቶ የተራባው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። የሠራው ዴንማርካዊው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ሲሆን፣ ቦታውም የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ነበር። ከዚያ በፊት ጠማቂው ሁሉ፣ የእኛም የእነሱም፣ እርሾውን ለይቶ ሳያራባ ነበር የሚያኖረው።

ጅማ ላይ የት ይኖራል? አንደኛ፣ ተወቅጦ ለጥንስስ የሚገባው ደረቅ ጌሾ ላይ። ሁለተኛ፣ ጋኑ ላይ። ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጢሱ ብዙ ተህዋስ ይገድላል፣ ሽታም ይሰጣል። ሸክላ ግን ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ካለፈው ጠላ የተረፈ እርሾ ሊደበቅበት ይችላል። የአንዷ ቤት ጠላ ከሌላዋ የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሦስተኛው ቅራሪ ነው። ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ይጨመራል፣ ውስጡ ያለው እርሾም የቀረውን ይሠራል። ከዚያ አተላው ለከብት።

የአካባቢው ጫካ ማር የታወቀ ነው፤ ከጌራ በኩል የሚመጣውን ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ሙስሊሙ ጎረቤት ማሩን ለብርዝ፣ ገብሱን ለቀሪቦ ያውለዋል። ጠጅ የሚጥለው ግን አምቡላውን፣ ማለትም የጠጁን ዝቃጭ፣ ይደፋዋል። እኔ የምቆጨው እዚህ ላይ ነው፤ የሚቀጥለውን ጠጅ የሚያፈላው እርሾ አብሮ ይደፋልና።

ከአምቡላ እርሾ መለየት ከጠላ አተላ ይቀላል፤ ገለባና ዱቄት የለበትማ። ጠጁ ሲቀዳ ከታች ሁለት ጣት ያህል ይተዋል። ይወዘወዝና በፈላ ውሃ በታጠበ ብርጭቆ ማሰሮ ይገለበጣል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይጨመርበታል። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቆይ የጌሾው ስባሪ ይዘቅጣል፣ ሰሙ ይንሳፈፋል። መሐል ላይ ወተት የመሰለው ነው የሚፈለገው። እሱ በሌላ ማሰሮ ተቀድቶ ፍሪጅ ይገባል። ሲነጋ ከስሩ ነጣ ያለ፣ እርጎ የመሰለ ነገር ረግቶ ይገኛል። እርሾው ያ ነው።

ክዳኑ አይጠብቅ። እኔ አንዴ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፣ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፣ ስከፍተው ግማሹ ኮርኒስ ላይ ተለጠፈ። አክስቴ ስትወለውል «አተላ ለላም ነው እንጂ ለፍሪጅ ነው እንዴ?» ትላለች። መልስ አልነበረኝም።

ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት በደህና ይቆያል፤ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል። ጠጅ ከመጣሉ አንድ ቀን በፊት በለብታ ብርዝ መቀስቀስ ይሻላል። አረፋ ካወጣ በሕይወት አለ። የዳቦ ሽታ ካለው ጥሩ ነው። ኮምጣጤ ከሸተተ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ከታየበት፣ ያለ ርኅራኄ ይደፋ።

አንዱን እርሾ ስንቴ መጠቀም ይቻላል? ቤት ውስጥ ከአራትና ከአምስት ዙር በላይ አልመክርም፤ በየዙሩ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አብረው ይበዛሉ። ከጠንካራ ጠጅ የተወሰደ እርሾ ደግሞ ገና ሲጀምር የደከመ ነው። አልኮሉ ራሱ ይጎዳዋል፣ ማርም ለእርሾ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ለዘር የሚሆነውን ከለስላሳው፣ ቶሎ ከሚጠጣው ጠጅ መውሰድ ነው። የከረመው ጠጅ አምቡላ እንደ ድሮው ይደፋ፤ አክስቴም በዚህኛው ትስማማለች።